ለዘንዶ እንቁላል የተገዛ ማስፈልፈያ፤ ከሁለት ወቅት አገልግሎት በኋላ

ባለፉት ሁለት የመራቢያ ወቅቶች የቦል ፓይተን እንቁላል ያስፈለፈልኩት ለተሳቢ እንስሳት ተብሎ በተሠራ አንድ የጠረጴዛ ማስፈልፈያ ነው። መሣሪያውን በ189 ዶላር ገዝቼ ሜሪላንድ በሚገኘው ቤታችን ምድር ቤት ውስጥ ያስቀመጥኩት ሲሆን፣ ቁመናው በሆቴል ክፍሎች ከሚገኘው ትንሽ ማቀዝቀዣ ብዙም አይለይም፤ የመስታወት በር፣ ሁለት የሽቦ መደርደሪያዎች፣ ከፊት ለፊቱም የሙቀት መጠን የሚነበብበት ሰሌዳ አለው። እናቴ መሣሪያው ከገባ ወዲህ የምድር ቤቱን ደረጃ ረግጣ አታውቅም።

ቦል ፓይተን በምዕራብና በመካከለኛው አፍሪካ የሚኖር፣ ሲደነግጥ ጭንቅላቱን መሐል አድርጎ እንደ ኳስ የሚጠቀለል፣ መርዝ የሌለው አነስተኛ ዘንዶ ነው። ሴቲቱ በአብዛኛው ከ4 እስከ 8 የሚደርሱ እንቁላሎችን ትጥላለች፤ እንደ ዶሮም ባይሆን በራሷ መንገድ ተጠምጥማባቸው ታቅፋለች፤ ታቅፋ በምትቆይበት ሁለት ወር ገደማም ምግብ የምትቀምሰው እምብዛም ነው። አርቢዎች እንቁላሉን ወስደው በማስፈልፈያ የሚያስቀምጡት እርሷ ቶሎ መብላት ጀምራ ክብደቷን እንድትመልስ ነው። እንቁላሉ ከ31 እስከ 32 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ባለው ሙቀት ውስጥ ሲቆይ ከ55 እስከ 60 ቀን ገደማ ይፈለፈላል። ሙቀቱ ከዚህ ዝቅ ሲል ጊዜው ይረዝማል፤ ከ34 በላይ ከዘለቀ ግን ጽንሱ ሊሞት ወይም አከርካሪው ተጣምሞ ሊወለድ ስለሚችል፣ ከእንዲህ ዓይነቱ መሣሪያ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠበቀው የሙቀት ልክን ሳያዛንፍ መጠበቅ ነው።

አገር ቤት የዶሮ ማስፈልፈያ ያየ ሰው ያው ነው ብሎ ሊያስብ ይችላል። የዶሮው 37.5 ዲግሪ ገደማ የሚሠራ፣ በ21 ቀን የሚያስፈለፍልና እንቁላሉን በየጊዜው የሚያገላብጥ ነው። የዘንዶ እንቁላል ግን ቅርፊቱ እንደ ለፋ ቆዳ የሚለመጥ ሲሆን፣ እንቁላሉ ከተጣለ ብዙም ሳይቆይ ጽንሱ ከላይኛው የውስጥ ግድግዳ ጋር ስለሚያያዝ ማገላበጥ ሊገድለው ይችላል። ስለዚህ እንቁላሉን ከእናቲቱ ሥር ሳነሳ አናቱ ላይ በእርሳስ ምልክት አደርጋለሁ፤ እርስ በርስ የተጣበቁትንም በግድ አላላቅቅም። በዚህ ረገድ መሣሪያው ነቀፋ የለበትም፤ መደርደሪያዎቹ አይነቃነቁም፣ በሩም ሳይንገጫገጭ ይዘጋል።

ዋናው ጉድለቱ የፊት ሰሌዳው የሚናገረውና ውስጡ ያለው እውነት የማይገናኙ መሆናቸው ነው። እንቁላል ከመግባቱ በፊት ሁለት ቴርሞሜትሮችን በተፈጨ በረዶና በውሃ በተሞላ ብርጭቆ ነክሬ ሁለቱም ዜሮ ማሳየታቸውን ካረጋገጥኩ በኋላ፣ አንዱን በላይኛው ሌላውን በታችኛው መደርደሪያ ላይ አኖርኩ። ሰሌዳው ያለማወላወል 31.5 ሲል፣ ላይኛው 33.2፣ ታችኛው 30.3 ነበር፤ በአንድ ሣጥን ውስጥ ቆላና ደጋ ማለት ነው። አየሩን የምታዘዋውረው ማራገቢያ ትንሽ ከመሆኗም በላይ ማሞቂያው ሲጠፋ አብራ ትጠፋለች፤ ሙቀቱን የሚቆጣጠረው ቴርሞስታትም ማብራትና ማጥፋት እንጂ ኃይሉን ቀስ በቀስ መቀነስ አያውቅም። ይህንን ልኬት ከነፎቶግራፉ ለአምራቹ ብልክ፣ ከዘጠኝ ቀን በኋላ የደረሰኝ መልስ በእጄ ካለው መመሪያ የተገለበጠ አንድ ገጽ ነበር።

በመጀመሪያው ወቅት የታችኛውን መደርደሪያ ብቻ ስለተጠቀምኩ እንቁላሎቹ 64 ቀን ቆዩ። በሁለተኛው ግን ከአሮጌ ኮምፒውተር የተነቀለ ባለ 12 ቮልት ማራገቢያ ያለማቋረጥ እንዲሠራ አስገብቼ፣ ከሥር ደግሞ ውሃ የተሞሉ ስድስት የግማሽ ሊትር ጠርሙሶች ደረደርኩ፤ በመደርደሪያዎቹ መካከል ያለው ልዩነትም ወደ 0.6 ዲግሪ ወረደ። ጠርሙሶቹ ሙቀት ይዘው ስለሚቆዩ ሌላም ጥቅም ሰጥተዋል፤ በሐምሌ አንድ ምሽት በማዕበል ምክንያት መብራት ለሦስት ሰዓት ተኩል ሲጠፋ ከ31.6 የወረደው እስከ 29.9 ብቻ ነበር። ለአጭር ጊዜ የሚመጣ እንዲህ ያለ ቅዝቃዜ እንቁላሉን እንደ ሙቀት አይጎዳውም።

እርጥበትን በሚመለከት መመሪያው ከሥር ባለው ሳሕን ውሃ እንዲሞላ ያዛል። ይህን ስሞክር በሩ በጉም ተሸፍኖ ምንም የማይታይ ሆነ፤ እንቁላል ላይ የሚንጠባጠብ ውሃ ደግሞ ለብልሽት ያጋልጣል። ስለዚህ ሳሕኑን ትቼ፣ እንቁላሎቹን ክዳን ባለው የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ቬርሚኩላይት በሚባል፣ ውሃ ይዞ በሚቆይ ቀላል ማዕድን ላይ አርጥቤ አስቀመጥኩ። ቬርሚኩላይቱ በእጅ ተጨብጦ ሲጨመቅ ተጣብቆ መቅረት እንጂ ውሃ ማንጠባጠብ የለበትም። ክዳኑን በሳምንት አንድ ጊዜ ለአፍታ እከፍታለሁ፤ በዚያውም መብራት አጥፍቼ በስልኬ ባትሪ ሳበራባቸው በሕያዎቹ ውስጥ የደም ሥሮቹ እንደ ቀይ ክር ተዘርግተው ይታያሉ።

በሁለተኛው ወቅት ከነበሩት ስድስት እንቁላሎች አንዱ ገና ከመጀመሪያው ቢጫና አነስተኛ፣ መካን ነበር። አምስቱ በጎ ሆነው በ57ኛው ቀን የመጀመሪያው በላይኛው መንጋጋው ጫፍ ባለች ጊዜያዊ ጥርስ ቅርፊቱን ሰነጠቀ፤ አፍንጫውንም ብቻ አውጥቶ የቀረውን አስኳል እስኪመጥ ድረስ አንድ ቀን ተኩል ተቀመጠ። ሁሉም 60 ግራም ገደማ መዝነዋል።

ለጀማሪ ይህን መሣሪያ በዚህ ዋጋ አልመክርም። ጥሩ የፎም ሣጥን፣ የማሞቂያ ገመድና ኃይሉን የሚመጥን ቴርሞስታት ለየብቻ ገዝቶ ማገጣጠም ከዚህ በርካሽ ያልቃል፤ ሙቀቱም የተሻለ ይሆናል። ገዝቶ ያስገባ ሰው ግን ከሰሌዳው ይልቅ የራሱን ቴርሞሜትር ይመን፤ ማራገቢያም ይጨምር። እኔ ያላስወገድኩት ልጄ በመስታወቱ በኩል እያየ ቀን ስለሚቆጥር ብቻ ነው፤ እርሱም ቢሆን አሁን የሚያየው በእጅ ባትሪ ነው፤ የውስጡ አምፖል በአሥረኛው ወር ተቃጥሏል፤ አምራቹም አምፖሉን ለብቻው አይሸጥም።