ዱቤ የማይሰጥበት መንደር፦ ስለ ስታርዱ ቫሊ ጌም

ከአያት የተወረሰ እርሻ አላችሁ። እርሻ ይባል እንጂ ድንጋይ፣ ጉቶና አረም ነው። ኪሳችሁ ውስጥ 500 ወርቅ (የጨዋታው ገንዘብ ነው)፣ የመንደሩ ሹም የላከላችሁ ደግሞ 15 የፓርስኒፕ ዘር። ፓርስኒፕን ነጭ ካሮት በሉት። የመንደሩ አውቶቡስም ተበላሽቶ ቆሟል።

ኤሪክ ባሮን የሚባል አሜሪካዊ ሥዕሉንም ሙዚቃውንም ለብቻው ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው ጌም ነው። እኔ የምወደው የመጀመሪያውን ጸደይ ነው። የፓርስኒፕ ዘር በ20 ገዝታችሁ፣ በአራት ቀን ሲደርስ በ35 ትሸጣላችሁ። ቦርሳ ማስፋት ግን 2,000 ነው! ጉልበትም ይለካል፤ በቆፈራችሁና ባጠጣችሁ ቁጥር ይቀንሳል። ጠዋት ዝናብ ሲጥል እሰይ ነው፤ ማጠጣት ቀረ፣ ጉልበቱን ይዞ ወደ ዓሣ። በ13ኛው ቀን በእንቁላል በዓል ላይ የእንጆሪ ዘር ይሸጣል፤ አንዱ 100። ያላችሁን ቀድማችሁ ከጨረሳችሁ ቆማችሁ ታያላችሁ። ጸደይ 28 ቀን ብቻ ነው፤ በጋ ሲገባ ሳይሰበሰብ የቀረ የጸደይ ብቻ ሰብል በአንድ ሌሊት ይደርቃል።

ቅሬታዬ ከባለሱቁ ከፒየር ጋር ነው። ቢጫ አበባ ለቅሜ ስሰጠው ደስ ይለዋል። አንዲት ዘር በዱቤ ግን ወይ ፍንክች! ብር በሌለበት ገጠር ሱቅ የሚቆመው በደብተር አይደል እንዴ? እህል ሲደርስ ይከፈላል። እሱ ጭራሽ ረቡዕ ረቡዕ ይዘጋል። የመንደሩም ሰው ሰላምታው ሞቅ ያለ ነው እንጂ ለደቦ ብቅ የሚል የለም። አረሙን ብቻችሁን ነው የምትነቅሉት።

በሌላ በኩል ደግሞ ሽያጩ በጣም ቀሏል። ማታ ሳጥን ውስጥ የከተታችሁት ጠዋት ብር ሆኖ ያድራል። የፈለጋችሁትን ያህል አምርቱ፣ ዋጋ አይወድቅም። ደላላ የለ፣ የመኪና ኪራይ የለ። ለዚህም ነው ሁለተኛው ዓመት ላይ ብር ሲትረፈረፍ ጨዋታው የሚቀዘቅዝብኝ።

ቢሆንም ግዙት፣ በተለይ የስልኩን። አንዴ ከተከፈለ ማስታወቂያ የለውም፣ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል። ዓሣ ማጥመዱ ግን በጣት ያናድዳል።