የግድግዳ ስፒከር የኋላ ሳጥን፦ ገዝቼም ሠርቼም ያየሁት

ስፒከሩን ከግድግዳው ያወጣሁት ለሌላ ጉዳይ ነበር። የግራው ድምፅ እየተቆራረጠ ስላስቸገረኝ ገመዱ ላልቶ ይሆናል ብዬ። ገመዱ ደህና ነው። (ጥፋቱ የአምፕሊፋየሩ ሆኖ ተገኘ፣ እሱ ሌላ ጣጣ ነው።) የስፒከሩ ጀርባ ግን ጉድ ነው! የጂፕሰም ዱቄት፣ ከግድግዳው ውስጥ የረገፈ የፋይበርግላስ ብናኝ፣ ማግኔቱ ላይ እንደ ጺም የቆመ የብረት ፍቅፋቂ፣ ከሁሉም በላይ አንድ ደርቆ የቀረ በረሮ። በዓመቱ እንዲህ ከሆነ በአምስት ዓመቱ ምን ሊሆን ነው? የስፒከሩን ጀርባ ግድግዳው ውስጥ የሚዘጋ ሳጥን ፍለጋ የገባሁት ያኔ ነው።

ለማያውቀው ባጭሩ፦ ግድግዳ ውስጥ የሚቀበር ስፒከር አብዛኛውን ጊዜ ጀርባው ክፍት ነው። ሳጥኑ ግድግዳው ራሱ ነው ማለት ነው። ወደ ፊት የሚለቀውን ያህል ድምፅ ወደ ኋላም ይለቃል። ያ የኋላው ድምፅ ግድግዳው ውስጥ እየተሯሯጠ ያልታሰረ ገመድ ያንቀጫቅጫል፣ ክፍተት ካገኘ ሾልኮ በሶኬት በኩል ማዶ ያለው ክፍል ይገባል። እኛ ቤት ማዶ የሚተኛው ሰው ፊልሙን ሳያይ ታሪኩን ጠዋት ይነግረን ነበር።

መጀመሪያ የገዛሁትን ላንሳ። ስሙን ተዉት። ጥቁር ፕላስቲክ ነው፣ በሁለቱ ጎኖቹ በኩል ከግድግዳው ቋሚ እንጨቶች ጋር በቪቴ ይታሰራል። ለአገጣጠሙ ሙሉ ነጥብ እሰጠዋለሁ። አራት ቪቴ፣ ገመድ ማስገቢያው ላይ የላስቲክ ቀለበት፣ ጂፕሰሙ የሚያርፍበት ጠርዝ ላይ የስፖንጅ ቴፕ። አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ጂፕሰሙ ክፍት ከሆነ ማለቴ ነው፤ ሳጥኑ ከስፒከሩ ቀዳዳ ስለሚበልጥ በዚያ አይገባም፣ ስለዚህ ያለቀ ግድግዳ ላይ ለመግጠም መቅደድ፣ መልሶ መለጠፍ፣ ስቱኮ መቀባት አለ። ማሸጊያው ላይ ስለዚህ አንዲት ቃል የለችም። አቧራውንና በረሮውን ግን ጥርት አድርጎ ይከላከላል።

የተጣላነው ድምፁ ላይ ነው። ከገጠምኩት በኋላ የወንድ ድምፅ ሁሉ ጉንፋን የያዘው ሆነ። እያንዳንዱ ተዋናይ በርሜል ውስጥ ገብቶ የሚያወራ ይመስላል። ሜትር አውጥቼ የሳጥኑን ውስጥ ለካሁት፣ ወደ 7 ሊትር ነው። የስፒከሬ መመሪያ ደግሞ ከ20 ሊትር አያንስ ይላል። ወዲያው ገባኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የታሸገ ሳጥን ውስጥ ያለው አየር እንደ ስፕሪንግ ይሠራል። ሳጥኑ ባነሰ ቁጥር ስፕሪንጉ ይጠነክራል፣ ስፒከሩ በራሱ የሚርገበገብበት ፍሪኩዌንሲም (በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚርገበገብ፣ በኸርዝ ይለካል) ወደ ላይ ይወጣል። የእኔ ስፒከር ያለ ሳጥን 40 ኸርዝ ነው፣ የራሱ ልስላሴ ከስንት ሊትር አየር ልስላሴ ጋር እኩል እንደሆነ (መመሪያው ላይ ቫስ የሚሉት) ደግሞ 40 ሊትር። 40ን ለሳጥኑ ሊትር አካፍሉ፣ 1 ደምሩ፣ ስኩዌር ሩቱን አውጡ፣ በ40 ኸርዝ አባዙት። በ7 ሊትር 104 ኸርዝ አካባቢ ይመጣል። በ21 ሊትር ግን 68። የሆም ቲያትር ሰው ብዙውን ጊዜ ከ80 ኸርዝ በታች ያለውን ለሰብዉፈር (ወፍራሙን ድምፅ ብቻ ለሚያወጣው ስፒከር) ስለሚሰጥ 68 ምንም አይጎዳም፣ ሰብዉፈሩ ተረክቦታል። 104 ግን የወንድ ድምፅ ሰፈር ነው። በርሜሉ የመጣው ከዚያ ነው።

ሌላው ጉድለቱ ፕላስቲኩ ስስ መሆኑ። በጣት አጥንት ብታንኳኩት እንደ ጀሪካን ይጮኻል፤ ስትነኩት የሚጮኽ ሳጥን ሙዚቃ ሲከፈትበትም ዝም አይልም።

ስለዚህ ራሴ ልሥራው አልኩ። አናጢ አይደለሁም፣ ትራፓኖና ካቻቪቴ ከመያዝ ያለፈ ሙያ የለኝም፣ እንጨቱን በልክ ያስቆረጥኩትም ሰው ጋ ነው። የወሰድኩት 12 ሚሊ ሜትር ኤምዲኤፍ (ከእንጨት ብናኝ የተጨመቀ ጣውላ) ነው። በቋሚዎቹ መሀል ያለው ስፋት 368 ሚሊ ሜትር፣ ጥልቀቱ 89። ሳጥኑን በስፋት ሙሉ፣ በቁመት 90 ሳንቲ ሜትር አደረግኩት። ስፋቱን ቋሚዎቹ ስለወሰኑት ሊትር የሚገኘው በቁመት ብቻ ነው፤ ረጅምና ቀጭን ሳጥን ያስቃል እንጂ ይሠራል። ጀርባውን ከማዶው ጂፕሰም ጋር አላነካካሁትም፣ 5 ሚሊ ሜትር ተውኩ። ከተነካካ ሳጥኑ የማዶውን ግድግዳ ራሱን ስፒከር ያደርገዋል፣ ከመጀመሪያው የባሰ። የውስጥ ጥልቀቱ 72 ሆነ፣ የጂፕሰሙ 12.5 ሲጨመር 84.5። የስፒከሬ ጥልቀት 76 ስለሆነ ማግኔቱ ጀርባውን ሳይነካ ለጥቂት አለፈ። የመሀል መደገፊያው እንጨትና የስፒከሩ ገላ የሚይዙት ሲቀነስ 21 ሊትር ቀረልኝ።

አሁን ወደ ቂሉ ሥራዬ። የመጀመሪያውን ሳጥን ኮላ ቀብቼ፣ በቪቴ አጥብቄ፣ ውስጡን በሲሊኮን አሽጌ፣ ጥጥ ሞልቼ፣ ጂፕሰሙን ዘግቼ፣ ስቱኮ ቀብቼ፣ አሸዋ ወረቀት መትቼ ከጨረስኩ በኋላ ስፒከሩን ላስገባ ስል አልያዝም አለ። እነዚህ ስፒከሮች የሚታሰሩት በጆሮዎች ነው፦ ብሎኑን ከፊት ስታዞሩት ከኋላ ትንሽ የፕላስቲክ ክንፍ ወደ ውጭ ትዞርና ጂፕሰሙን ከጀርባው ቆንጥጣ ትይዛለች። እኔ ደግሞ ለጥንካሬ ብዬ ቀዳዳው ዙሪያ ከኋላ የእንጨት ፍሬም ለጥፌያለሁ፣ ክንፉ ሊዞር የሚችልበት ቦታ የለም። ሁለት ቀን የፈጀብኝ ሥራ! ቀዳዳው ውስጥ እጄን ሰድጄ ስድስት ቦታ ላይ ፍሬሙን በመሮ ስፈለፍል ዋልኩ። ስለዚህ ከመለጠፋችሁ በፊት ስፒከሩን በቁራጭ ጂፕሰም ላይ ገጥማችሁ ጆሮዎቹ እስከየት እንደሚዞሩ በእርሳስ ምልክት አድርጉ።

ሁለተኛው ላይ ትንሽ ብልጥ ሆንኩ። ጂፕሰሙን ከመዝጋቴ በፊት ማታ መብራት አጥፍቼ፣ የስልኬን መብራት ሳጥኑ ውስጥ አብርቼ፣ ክፍቱን ጎን በካርቶን ሸፍኜ ዞር ዞር አልኩ። በአንድ ማዕዘን በኩል እንደ ክር የቀጠነ ብርሃን ወጣ፣ የገመዱ ቀዳዳም ዙሪያውን ያበራል። ሁለቱንም በሲሊኮን ደፈንኩ። ስፒከሩ ከገባ በኋላ ደግሞ ትልቁን ኮን (ፊት ለፊት የሚርገበገበውን ክብ) በአራት ጣት እኩል አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ ግፉት፣ ጥቂት ሰከንድ ያዙትና ልቀቁት። ተንቀራፍፎ ከተመለሰ አየሩ ታሽጓል፣ እንደተለቀቀ ቶሎ ከዘለለ የሆነ ቦታ ይተነፍሳል።

ድምፁስ? በርሜሉ ጠፋ። ተዋናዮቹ ከጉንፋናቸው ዳኑ። ማዶ ያለው ክፍል ግን ሙሉ በሙሉ ተገላገለ ብዬ አልዋሽም። ንግግሩና ቀጭኑ ድምፅ በጣም ቀንሷል፣ የፍንዳታው ጉምጉምታ ግን አሁንም ያልፋል። ስፒከሩ የታሰረው ጂፕሰሙ ላይ ነው፣ ጂፕሰሙ ሲርገበገብ የኋላ ሳጥን ምንም አያደርግለትም።

ኤምዲኤፍ ሁሉም ቦታ አይሆንም። ውሃ ከነካው ያብጣል፣ ስለዚህ የመታጠቢያ ቤት ግድግዳ ላይ አታስቡት። ስትቆርጡትም ብናኙ ለሳንባ መጥፎ ነው፣ ማስክ አድርጉ። ጣሪያችሁ እሳት እንዲከላከል ተብሎ የተሠራ ከሆነ ደግሞ በእጅ የተሠራ እንጨት ሳጥን አይተካውም፣ ለዚያ ተፈትኖ የጸደቀ ሳጥን ይሸጣል፣ እሱን ግዙ። የመብራት ገመድ በዚያ የሚያልፍ ከሆነ ሳጥኑ ውስጥ አትቅበሩት።

መመሪያችሁንም አንብቡ። አንዳንዱ ስፒከር ጀርባው ክፍት ግድግዳ ሆኖ እንዲሠራ ታስቦ የተሠራ ነው፣ ሳጥን ሲሰጡት ይታፈናል። ገና ያልገዛችሁ ደግሞ ከፋብሪካው ከነሳጥኑ የሚመጣ አለ፣ አቅሙ ካለ ይሄን ሁሉ ጣጣ ትዘሉታላችሁ።

የፊቱን ሽፋን በሁለት ቃል፦ በማግኔት የሚያዘው ወንፊት ቆንጆ ነው፣ ግን ልጅ በአንድ ጣት ነቅሎ ትዊተሩን (ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣውን ትንሹን) ይጠነቁላል። ከግድግዳው ጋር ይመሳሰል ብላችሁ ስትቀቡት በብሩሽ አይሁን፣ ቀዳዳው ይደፈናል። ቀለሙን አቅጥናችሁ በስሱ ርጩት፣ ከኋላው የተለጠፈ ጨርቅ ካለም ቀድማችሁ አንሱት።

ነጥብ ካላችሁኝ ለተገዛው ከአምስት ሦስት፣ ለተሠራው አራት፤ አንዷን የቀነስኩት ለመሮው ቀን ነው። ለግራ፣ ለመሀልና ለቀኝ ስፒከር የሚሠራውን እመርጣለሁ፣ የፊልሙ ወሬ ሁሉ ያለው እዚያ ነው። የተገዛውን አልጣልኩትም፣ ከሶፋው ኋላ ላለው ትንሽ ስፒከር ሰጠሁት። እሱ 6 ሊትር ይበቃዋል። የመሀሉ ግን እስካሁን ሳጥን የለውም፣ ጂፕሰሙን ስከፍት ልክ ማግኔቱ ጀርባ የውሃ ቧንቧ ተጋድሞ አገኘሁት።