ፔዳ አካባቢ የሚሸጠው የስኮላርሺፕ ድርሰት፦ ገንዘብ የሚገባው የቱ ነው?

ባሕር ዳር ውስጥ በፔዳና በፖሊ ግቢዎች ዙሪያ ካሉት ኮምፒውተር ቤቶች ብዙዎቹ ከፎቶ ኮፒና ከሲቪ ሥራ ጎን የስኮላርሺፕ ማመልከቻም ይሠራሉ። አገልግሎቱ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የአመልካቹን ስምና የተመረቀበትን ትምህርት ተቀብሎ ፐርሰናል ስቴትመንቱን (አመልካቹ ስለ ራሱ ሊጽፈው የሚገባውን ድርሰት) ራሱ ጽፎ ያስረክባል። ሁለተኛው አመልካቹ የጻፈውን ይዞ ቁጭ ይልና እየጠየቀ ያርማል። ለመጀመሪያው አንድ ብር እንኳ መክፈል አይገባም። ሁለተኛው ከተገኘ ግን የጠየቀው ቢከፈለው አይቆጭም።

ጽፎ የሚያስረክበው ቤት የሚሠራው በቴምፕሌት ነው። የትምህርቱን ስም ይቀይራል፣ ሌላውን እንዳለ ይተወዋል። ለውሃ መሐንዲስ የሚሰጠው መግቢያ ወደ አማርኛ ሲመለስ እንዲህ ያለ ነው፦ “ከልጅነቴ ጀምሮ በታላቁ ጣና ሐይቅ ዳርቻ ሳድግ ለውሃ ሀብት ልዩ ፍቅር አድሮብኛል፤ ሀገሬን ከድህነት ለማውጣትም ቆርጬ ተነስቻለሁ።” ሰዋስዉ ላይ ችግር የለም። ችግሩ ሌላ ነው፤ ይህን ዓረፍተ ነገር ከባሕር ዳር የሚያመለክት ማንኛውም ሰው ሊጽፈው ይችላል፣ ስለዚህ ስለ አመልካቹ የሚነግረን ነገር የለም። ያው ቤት ለሌላ ደንበኛ ያንኑ ሰጥቶ ከሆነ ደግሞ ሁለቱ ማመልከቻዎች አንድ ገምጋሚ እጅ ሲገቡ ሁለቱም ሊወድቁ ይችላሉ። ይህን ሁሉ አልፎ ለቃለ መጠይቅ የተጠራ ሰውም ራሱ ስላልጻፈው ነገር ሲጠየቅ ይጨነቃል።

የእነዚህ ቤቶች ትልቁ ጉድለት አንድን ጽሑፍ ለሁሉም ስኮላርሺፕ መስጠታቸው ነው። የእንግሊዝ መንግሥት የማስተርስ ስኮላርሺፕ የሆነው ቼቭኒንግ አራት የተለያዩ ጥያቄዎች ይጠይቃል፦ ስለ አመራር፣ ከሰዎች ጋር ስለሚፈጠር ግንኙነት፣ እንግሊዝ ሀገር ለመማር ስለተፈለገበት ምክንያት እና ስለ ወደፊት ሥራ። የአሜሪካኑ ፉልብራይት የትምህርት ወይም የምርምር ዓላማውን ከፐርሰናል ስቴትመንቱ ለይቶ ይፈልጋል፤ አንዱን በሌላው ውስጥ መድገም ቦታ ማባከን ነው። የጀርመኑ የስኮላርሺፕ ድርጅት ዳአድ (DAAD) ከታዳጊ ሀገሮች ለሚመጡ ባለሙያዎች ባዘጋጀው ኢፖስ (EPOS) ፕሮግራሙ የሚጠይቀው ሞቲቬሽን ሌተር (ለምን እንደሚያመለክቱ የሚገልጽ ደብዳቤ) ደግሞ ከሁለት ገጽ የማይበልጥ፣ አሁን ከያዙት ሥራ ጋር የተያያዘና በእጅ የተፈረመ መሆን አለበት። ኢትዮጵያ የኮመንዌልዝ አባል ስላልሆነች በዚያ ስም የሚመጣው የእንግሊዝ መንግሥት ስኮላርሺፕ ለእኛ አይሆንም። “ኮመንዌልዝም እናመለክትልሃለን” የሚል ቤት ካጋጠመ ሌላውንም አያውቅምና ትቶ መውጣት ይሻላል።

አሁን ወደ ጥሩው እንምጣ። ጥሩ አራሚ መጀመሪያ ወረቀቱ ላይ ምልክት አያደርግም፤ ይጠይቃል። ቆጋ መስኖ ላይ የሠራች ባለሙያ “የውሃ ክፍፍሉን አሻሻልን” ብላ ብትመጣ ጥያቄው ይህ ነው፦ “አንቺ ራስሽ ምን አደረግሽ? ቦዩን ማን ለካው? ማኅበሩ መጀመሪያ ምን አለ? ከዚያስ ምን ተለወጠ?” እኛ ዘንድ ሥራን በራስ ስም መናገር ኩራት ስለሚመስል ሁሉንም “ሠራን” ብለን እንጽፋለን። ስለ አመራር በሚጠይቀው ድርሰት ላይ ግን ገምጋሚው ከቡድኑ ሥራ የአመልካቿን ድርሻ መለየት ካልቻለ ነጥብ የሚሰጥበት ነገር አያገኝም። ከጥያቄዎቹ በኋላ የሚወጣው መግቢያ ይህን ይመስላል፦

“በቆጋ መስኖ ከቦዩ ራስ ያሉ ማሳዎች ሲጨቀዩ ከጫፍ ያሉት ገበሬዎች ተራቸው ደርሶም ውሃ አያገኙም ነበር። የአንዱን ቦይ ውሃ ጠዋትና ማታ ለካሁ፤ የተራውን ሰዓትም ከውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበር ጋር ሆኜ እንደገና ደለደልኩ። ምን ያህል ውሃ እንደሚጠፋ አወቅሁ፤ የት እንደሚጠፋ አስልቶ ለማሳየት ግን እውቀቱ አልነበረኝም።”

የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ለማስተርሱ በር ይከፍታል። ከዚህ በኋላ ዩኒቨርሲቲውን “ዓለም አቀፍ ዝና ያለው” እያሉ ማሞገስ አያስፈልግም። ከሥርዓተ ትምህርቱ ያንን ጉድለት የሚሞሉ ሁለት ኮርሶችን በስማቸው መጥራትና እያንዳንዱ ለምን እንደሚያስፈልግ በአንድ በአንድ ዓረፍተ ነገር መናገር ይበቃል። ስለ ወደፊቱም “ሀገሬን አገለግላለሁ” ብሎ ማቆም ያንሳል፤ የትኛው መሥሪያ ቤት፣ በምን ሥራ፣ መጀመሪያ ምን ይደረጋል የሚለው መምጣት አለበት። ቼቭኒንግ ትምህርቱ ካለቀ በኋላ ወደ ሀገር ተመልሶ ቢያንስ ሁለት ዓመት መቆየትን ስለሚያስገድድ ይህ ክፍል ለእሱ በተለይ ይመዝናል።

ጥሩ አራሚ ከሌላው የሚለይበት ሌላው ነገር ዓመተ ምሕረት ነው። በሐምሌ 2012 ዓ.ም. የተመረቀ ሰው እንግሊዝኛው ላይ “2012” ብሎ ከተወው አንባቢው ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይወስደዋል። ኢፖስ የመጨረሻው ዲግሪ በመደበኛነት ከስድስት ዓመት ያልበለጠ እንዲሆን ስለሚፈልግ ይህች አንዲት ቁጥር ብቻዋን ከውድድር ታስወጣለች። ወደ ፈረንጆቹ ዓመት ለመመለስ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 አካባቢ ላለው ጊዜ 7፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን ላለው 8 ይደመራል፤ ቀኑ ድንበሩ ላይ ከወደቀ በካላንደር ማመሳከር ነው። ቼቭኒንግ የሚጠይቀው 2,800 የሥራ ሰዓትም እንዲሁ መሰላት አለበት፦ በሳምንት 40 ሰዓት ለሚሠራ ሰው 70 ሳምንት ነው።

ዋጋን በተመለከተ በገጽ የሚያስከፍል ቤት አይመከርም። ገቢው ጽሑፉ በረዘመ ቁጥር ስለሚጨምር ለመቁረጥ አይተጋም፤ የማረም ሥራ ግማሹ ደግሞ መቁረጥ ነው። በአንድ ቀጠሮ ወይም በአንድ ማመልከቻ የሚስማማ ይሻላል። ከመክፈላችሁ በፊት የመጀመሪያውን አንቀጽ ብቻ ስጡት። ሰዋስው ብቻ አስተካክሎ ከመለሰው አመስግናችሁ ውጡ፤ እሱ ራሱ ሁለት ጥያቄ ከጠየቃችሁ ግን ቀሪውን አምጡለት። ሪኮመንዴሽን (መምህር ወይም አለቃ የሚጽፈውን የድጋፍ ደብዳቤ) “እኛው እንጽፋለን፣ እኛው እንልካለን” የሚል ቤት ማጭበርበር እየሸጠ ነውና አትጠጉት።

ጥሩዎቹም እንከን አላቸው። ጥቂት ስለሆኑ ዴድላይን ሲቃረብ ሰው ይበዛባቸዋል፤ ቢያንስ አንድ ወር ቀድሞ መሄድ ያስፈልጋል። አንዳንዶቹ እንግሊዝኛውን ከልክ በላይ ስለሚያሳምሩት ጽሑፉ የአመልካቹ መሆኑ ይቀራል። በአፋችሁ የማይወጣ ቃል ካያችሁ አስመልሱ። የፋይል ጥንቃቄ ደግሞ በሁሉም ዘንድ ደካማ ነው፤ የሰው ፓስፖርትና ትራንስክሪፕት ዴስክቶፕ ላይ ተዘርግቶ ይውላል። የኢሜይል ፓስዎርድ ለማንም አትስጡ፤ ፋይሉን አጥፍታችሁ ሪሳይክል ቢኑንም ባዶ አድርጉ።

መብራትና ኔትወርክ መሐል ላይ ሊቋረጡ ስለሚችሉ በቀጥታ የኢንተርኔቱ ማመልከቻ ቅጽ ላይ አትጻፉ። ሌላ ቦታ ጨርሳችሁ ለጥፉት፣ ከዚያም የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ተቆርጦ እንዳልቀረ እስከ ታች አንብቡ፤ የጽሑፉ ርዝመት ከገደቡ ሲያልፍ ምንም ሳይናገር የሚቆርጥ ቅጽ አለ።