የ«ሜጀር ሊግ» ፊልሞችን «ሙሉ ስብስብ» ተብሎ ስለቀረበ ብቻ እንዳትገዙ

እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣውን «ሜጀር ሊግ» የተሰኘ የቤዝቦል ኮሜዲ በዲቪዲ ለመግዛት ለምታስቡ ሁሉ ይህን ማሳሰብ እፈልጋለሁ። «ስብስብ» ወይም «ሁለት ፊልም በአንድ ዋጋ» እየተባለ የሚሸጠው ጥቅል የመጀመሪያውን ፊልም የማይዝበት ጊዜ ስላለ፣ በውስጡ ያሉት ፊልሞች የወጡበትን ዓመት ሳታረጋግጡ ገንዘባችሁን አትክፈሉ።

ይህን ለመጻፍ ያነሳሳኝ በአንድ ዘመዴ ላይ የደረሰው ነገር ነው። ሻጩ በማስታወቂያው ላይ «ሙሉ ስብስብ» ብሎ ከመጻፉም በላይ የተረከው ታሪክ የመጀመሪያውን ፊልም ነበር፤ ይኸውም የክሊቭላንድን ቡድን ከሟች ባሏ የወረሰች ሴት ቡድኑን ወደ ማያሚ ለማዛወር ስትል ሆን ብላ ደካማ ተጫዋቾችን እንደምትሰበስብ፣ ተጫዋቾቹም ይህን ሲያውቁ እልህ ይዟቸው ማሸነፍ እንደሚጀምሩ የሚናገረውን ታሪክ። ጥቅሉ ሲከፈት ግን የተገኙት የ1994ቱ ሁለተኛ ክፍልና የ1998ቱ ሦስተኛ ክፍል ብቻ ናቸው። ዘመዴ ገንዘቡ እንዲመለስለት ቢጠይቅም ማሸጊያው ተከፍቷል በሚል ምክንያት ተከለከለ።

የመጀመሪያውን ፊልም በአሜሪካ ያከፋፈለው ፓራማውንት ሲሆን፣ ሁለቱን ተከታዮች ያከፋፈለው ግን ዋርነር ብራዘርስ ነው። ሁለተኛውና ሦስተኛው ክፍል በአንድ ማሸጊያ አብረው መቅረባቸው፣ የመጀመሪያው ደግሞ ለብቻው መሸጡ ከዚህ የመጣ ስለሆነ በራሱ ነውር የለበትም። ነውሩ ሻጩ ይህን እያወቀ «ሙሉ» የሚል ቃል መለጠፉና ያልሸጠውን ፊልም ታሪክ ማስነበቡ ነው።

አንዳንድ ሻጮች ቅሬታ ሲቀርብላቸው «ተዋንያኑ ያው ናቸው፣ ልዩነት የለውም» ይላሉ። ይህ አባባል ልክ አይደለም። እርግጥ ሁለተኛውን ክፍልም ያዘጋጀው የመጀመሪያው ዳይሬክተር ዴቪድ ዋርድ ነው፤ ቻርሊ ሺን፣ ቶም በረንገርና ኮርቢን በርንሰንም ተመልሰዋል፤ የጨዋታ አስተላላፊውን የሚጫወተው ቦብ ዩከርም በሦስቱም ክፍሎች አለ። ነገር ግን በመጀመሪያው ዌስሊ ስናይፕስ የተጫወተውን ዊሊ ሜይስ ሄይስ የተባለውን ፈጣን ሯጭ በሁለተኛው የሚጫወተው ኦማር ኤፕስ ነው። ከተዋንያን ለውጥ ይልቅ የከፋው ደግሞ የታሪኩ ነፍስ መለወጡ ነው። የመጀመሪያው ፊልም የሚያስቀው ሰዎቹ የሚያጡት ነገር ስለሌላቸው ነው፤ ጉልበቱ ያረጀ ኳስ ተቀባይ፣ ከእስር ቤት ሊግ የመጣ ወርዋሪ፣ ሳይጠራ ወደ ልምምድ የመጣ ሯጭ፣ በአሮጌ አውሮፕላንና በአውቶቡስ እየተንገላቱ የሚጓዙ። በሁለተኛው ክፍል እነዚሁ ሰዎች ሀብትና ዝና አግኝተዋል፤ ወርዋሪው ስለ ገጽታው ይጨነቃል፣ ሯጩ የፊልም ተዋናይ ሆኗል፣ ኃይለኛው መቺ ሴራኖ ቡድሂስት ሆኖ ቁጣው በርዷል። ድሎት ያዛለውን ቡድን ማሳየት መጥፎ ሐሳብ አይደለም፤ ነገር ግን ፊልሙ አብዛኛውን ጊዜ የፊተኛውን ቀልድ እየደገመ ስለሚሄድ፣ በእኔ ግምት፣ የመጀመሪያውን ለማያውቅ ሰው ግማሹ ትርጉም አይሰጥም።

ሦስተኛው ክፍል ይባስ ብሎ ስለ ክሊቭላንድ እንኳን አይደለም። ሚኒሶታ ትዊንስ በተባለ ሌላ ትልቅ ቡድን ሥር ስላለ የታችኛው ሊግ ቡድን የሚተርክ ሲሆን ዋናው ተዋናይ ስኮት ባኩላ ነው፤ ሺንም በረንገርም የሉበትም። የመጀመሪያው ፊልም በአሜሪካ ወደ 50 ሚሊዮን ዶላር ሲያስገባ ሁለተኛው 30 ሚሊዮን ገደማ፣ ሦስተኛው ደግሞ ከ4 ሚሊዮን በታች ማስገባቱ ተመልካቹ በጊዜው ምን እንደፈረደ ያሳያል።

ወላጆች አንድ ተጨማሪ ነገር ልብ በሉ። ሁለተኛው ክፍል በአሜሪካ የፊልም ደረጃ አሰጣጥ «ፒጂ» (ልጆች በወላጅ ምክር የሚያዩት) ሲሆን የመጀመሪያው ግን «አር» (ልጆች ያለ አዋቂ እንዳያዩት የተገደበ) ነው፤ ስድብና ለልጆች የማይመጥን ንግግር ይበዛበታል። ስለዚህ ልጆቻችሁ ሁለተኛውን ስለወደዱ ብቻ የመጀመሪያውን ሳታዩ አትስጧቸው።

ከአሜሪካ ገዝታችሁ አዲስ አበባ ላሉ ቤተሰቦች የምትልኩ ደግሞ፣ ዲቪዲ በየትኛው የዓለም ክፍል ማጫወቻ እንደሚሠራ የሚያመለክት የክልል ቁጥር እንዳለው፣ የአሜሪካው 1 ሲሆን የኢትዮጵያ 5፣ የአብዛኛው አውሮፓ፣ የእስራኤልና የባሕረ ሰላጤው አገሮች 2 መሆኑን አትርሱ። ማጫወቻው ሁሉንም ክልል የሚቀበል ካልሆነ ዲስኩ ትክክለኛው ፊልም ቢሆንም አይከፈትም።

ከመክፈላችሁ በፊት ሻጩን «1989 ተብሎ የተጻፈበት ዲስክ በውስጡ አለ ወይ?» ብላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ፤ የማሸጊያውን ጀርባ ፎቶ እንዲልክላችሁም አድርጉ። ዕቃው ሲደርሳችሁ ላስቲኩን ሳትቀዱ በጀርባው ያሉትን ዓመቶች አንብቡ። ከተባለው የተለየ ከሆነ ማስታወቂያውን ከስክሪኑ ላይ ፎቶ አንስታችሁ አስቀምጡ፤ ሻጩ ገንዘባችሁን አልመልስም ካለም ያንኑ ፎቶ ይዛችሁ የከፈላችሁበትን ካርድ ለሰጣችሁ ባንክ ዕቃው እንደ ማስታወቂያው አይደለም ብላችሁ በቶሎ አመልክቱ፤ ባንኮች ለዚህ ዓይነቱ አቤቱታ የጊዜ ገደብ አላቸው።