ፊሌቶ ስታስወጡ ዓይናችሁን እንዳትነቅሉ

እጄ አሁንም ዓሳ ዓሳ ይሸታል። ንዴቴ ሳይበርድ ልጻፈው ብዬ ነው የተቀመጥኩት።

ባለቤቴ ነርስ ናት። በዚህ ሳምንት የሌሊት ተረኛ ስለሆነች የሁለቱ ልጆቻችን እራት በእኔ ላይ ነው። እኔ ከሥራ ወጥቼ ቤት ስደርስ 12 ሰዓት ይሆናል። ስለዚህ እሁድ እሁድ የሳምንቱን ቁሌት አቁላልቼ አስቀምጣለሁ። ዓሳም ገዝቼ፣ ፊሌቶ አስወጥቼ፣ የየቀኑን ለየብቻ ቋጥሬ ፍሪዘር ውስጥ እከታለሁ። ዓሳ ቶሎ ይደርሳል። ልጆቹ ደብተራቸውን ሳይዘጉ ኮተሌቱ ይቀርባል።

ሰውዬውን ስሙን ባታውቁትም ዓይነቱን ታውቁታላችሁ። ጣና ዳር፣ ከሸራ ሥር፣ ገና ከሩቅ ሲያያችሁ «ቤተሰብ! የዛሬ ጠዋት ነው፣ ና እየው» የሚለው። ጾም ስለሆነ ሰው በዝቷል። 6 ኪሎ ቆሮሶ ራሴ መረጥኩ። ዓይኑ ጥርት ያለ፣ ጉንጩ ሲገለጥ ውስጡ ቀይ። አንደኛው ጅራቱ ለሁለት ተሰንጥቋል፤ መረብ ሳይሆን አይቀርም የቀደደው። እሱንም አስመዘንኩት። 1,500 ብር ከፈልኩ። አብሮት የሚሠራው ልጅ ዓሳውን በባልዲ ይዞ ከሸራው ጀርባ ገባ።

ይኼኔ ስልኬ ጠራ። ትንሿ ልጄ ናት። «አባዬ፣ ኮተሌት ነው አይደል?» አዎ አልኳት። ፊቴን ወደ ውሃው አዙሬ፣ ታንኳ የሚቀዝፍ ሰው እያየሁ አወራኋት። አምስት ደቂቃ ቢሆን ነው። ስዞር የተቋጠረ ጥቁር ፌስታል ተሰጠኝ። «መርቄልሃለሁ» አለኝ። እኔም አመሰገንኩት።

መንቃት የነበረብኝ እዚያው ነው። ቆሮሶ ጭንቅላቱ፣ አጥንቱና ቆዳው ሲወጣ የሚተርፈው ሲሶው ገደማ ነው። ከ6 ኪሎ 2 ኪሎ ቢገኝ ነው። እኔ የያዝኩት ወደ 3 ኪሎ ይጠጋል። ስንት ዓመት ዓሳ ገዝቼ፣ በዛልኝ ብዬ ተደስቼ ሄድኩ!

ቤት ገብቼ ስፈታው ሽታው ፊቴን መታኝ። ሥጋው ወይቧል። በጣቴ ስጫነው ጎድጉዶ ቀረ፣ አልተመለሰም። ግማሹ ደግሞ ጭራሽ ቆሮሶ አይደለም፤ ረዘም ረዘም ያለ የአምባዛ ሥጋ ነው። አምባዛ መጥፎ ሆኖ አይደለም። ግን ዋጋው ሌላ ነው፣ እኔም አልገዛሁትም።

ፌስታሉን ይዤ በባጃጅ ተመለስኩ። ስደርስ ሰውዬው ለአንዲት ሴት ዓሳ አንስቶ ጉንጩን እየገለጠ ያሳያል። ጅራቱ ለሁለት የተሰነጠቀ። የእኔ ዓሳ! የከፈልኩበት!

«ይኼ የእኔ ነው» አልኩት። ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። «ዓሳ አንዴ ከሄደ አይመለስም። ከእኔ ለመግዛትህስ ምን ማስረጃ አለህ?» አለኝ። ቀጥሎ ወደ ልጁ ዞሮ፣ «ወንድ ገበያ ሲወጣ እንዲህ ነው። ሌላ ጊዜ ሚስቱን ይላክ» አለ። ልጁ ቢላዋውን እያጠበ ሳቀ። ሚስቴ እኮ ሌሊቱን ሙሉ በሽተኛ ስታነሳ ስትጥል አድራ ተኝታለች። ከገንዘቡ ይልቅ ያንገበገበኝ ይኼ ነው። ሴትዮዋ እኔን አየች፣ እሱን አየች፣ ዓሳውን አስቀምጣ ሄደች።

በረዶ የላቸውም። ትናንት ሳይሸጥ ያደረው በፊሌቶ ስም የሚወጣው እንዲህ ነው። ጭንቅላቱ ከተቆረጠ በኋላ ዓይኑን አታዩ፣ ጉንጩን አትገልጡ።

ስለዚህ ዓይናችሁ ሥር ይገፈፍ። ከሸራ ጀርባ ካሉ ተዉት። ካልቸኮላችሁ ሙሉውን ገዝታችሁ ቤት ግፈፉት። ስልክም አታንሱ።

እኔ ያን ፌስታል እንዳለ ጣልኩት። የዛሬ ማታ እራት ሽሮ ነው።