ባትሪ ሲያልቅ አብሮ የማይሞት ካሜራ፦ ሜካኒካል ወይስ ኤሌክትሮኒክ?

ሰሞኑን እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ ክርስትና ላይ በፊልም ካሜራ ፎቶ ሳነሳ አራት ሰው በየተራ መጥቶ ያንኑ ነገር ጠየቀኝ። «እኔም ልጀምር ነው፣ የቱን ልግዛ?» በየድግሱ የምሰማው ይህንኑ ነው። ስለዚህ አንዴ ልጻፈውና ለሚጠይቀኝ ሁሉ ይህንኑ ልላክለት።

መልሴን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ያለ ባትሪ የሚሠራ ሜካኒካል ካሜራ ግዙ። በትንሽ ገንዘብ ከሆነ ፔንታክስ ኬ1000፣ ትንሽ መጨመር ከቻላችሁ ኒኮን ኤፍኤም2። ኪስ የምትገባዋን፣ ሌንሷ በሞተር የሚወጣዋን አሮጌ ኤሌክትሮኒክ ካሜራ ግን ብዙ መቶ ዶላር አውጥታችሁ አትግዙ። አደራ።

ይህን የምለው ተቃጥዬ ነው። ከአምስት ዓመት በፊት እንዲህ ያለች ትንሽ ካሜራ በ640 ዶላር ገዛሁ። ስሟን አልጠራም፤ ከ30 ዓመት በፊት የተሠሩት ውድ ትናንሽ ካሜራዎች በሽታቸው ተመሳሳይ ነው። ሻጩ «ተሞክራለች፣ እንደ አዲስ ናት» ብሎ ነበር የለጠፋት። እውነትም ስትደርሰኝ ታምር ነበር፣ ፎቶዋም ቁልጭ ያለ ነው። 11 ሮል አነሳሁባት። 12ኛውን የጫንኩት ለእህቴ ልጅ መልስ ነበር። ሙሽሮቹ በሩ ላይ ደርሰው እልልታው ሲቀልጥ አበራኋት፣ ሌንሱ ግማሽ ድረስ ወጣና «ግርር» ብሎ ቆመ። አይገባም፣ አይወጣም። ባትሪ ቀየርኩ፣ ያው ነው። የዚያን ቀን ፎቶ ያነሳሁት በስልኬ ነው።

ጠጋኝ ጋ ወሰድኳት። ለማየት ብቻ 45 ዶላር ከፈልኩ። ከፍቶ አያትና «ቦርዷ ሄዷል፣ መለዋወጫ የለም» አለኝ። በመጨረሻ ለመለዋወጫነት በ90 ዶላር ሸጥኳት። እንግዲህ ቁጠሩልኝ፦ 640 መግዣ፣ 38 ማስላኪያ፣ 45 ማስመርመሪያ፣ ከዚያ ላይ 90 ሲቀነስ 633 ዶላር። ለ11 ሮል። ፊልሙና ማሳጠቢያው ሳይታሰብ እያንዳንዱ ሮል 57 ዶላር ከግማሽ በላብኝ ማለት ነው።

የሜካኒካል ካሜራ ሕመም፣ የተሰበረ ጥርስ፣ የላላ ሞላ፣ የደረቀ ዘይት፣ እነዚህ ሁሉ መድኃኒት አላቸው። ጠጋኙ ያጥባል፣ ይቀባል፣ ከሞተ ካሜራ ነቅሎ ይገጥማል። ለዚያ ካሜራ ብቻ ተብሎ የተሠራ ቺፕ ሲቃጠል ግን ማንም ቁጭ ብሎ ሊሠራው አይችልም፤ ፋብሪካውም ከተዘጋ ቆይቷል። ኮንታክስ ቲ2ን ውሰዱ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። የ1990 ካሜራ ነች፤ ቀፎዋ ታይታኒየም፣ ሌንሷ የጀርመኑ ዛይስ። እኔ በቅርቡ ሳይ ንጹሕ የሆነችው ከ800 ዶላር በታች አልነበረችም። አምራቹ ኪዮሴራ ደግሞ ኮንታክስን ያቆመው 2005 ላይ ነው። 800 ዶላር ከፍላችሁ አንድ ቀጭን የውስጥ ሽቦ እንዳይበጠስ እየጸለያችሁ ልትኖሩ ነው።

ወደ ትልልቆቹ እንምጣ። ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ ካነን ኤኢ-1ን ከፔንታክስ ኬ1000 ጋር ነው። ሁለቱም 1976 ላይ የወጡ ናቸው፣ ዋጋቸውም ይቀራረባል፤ እኔ በማያቸው ቦታዎች ከ50 ሚሊሜትር ሌንስ ጋር ከ110 እስከ 200 ዶላር። ልዩነቱ ውስጣቸው ነው። ኤኢ-1 ማይክሮፕሮሰሰር (ትንሽ የኮምፒውተር ቺፕ) የገባላት የመጀመሪያዋ ኤስኤልአር፣ ማለትም በራሷ ሌንስ በኩል በመስታወት የምታሳይ ካሜራ ነች፤ ሻተሯን (ለፊልሙ ብርሃን የሚከፍተውንና የሚዘጋውን መጋረጃ) የሚይዘውና የሚለቀው ኤሌክትሮማግኔት ነው። 6 ቮልት ባትሪዋ ካለቀ ጭራሽ አታነሳም። ሌላም የታወቀ ነገር አላት፦ ስታነሱባት «ሲጥ» የሚል ድምፅ ካሰማች መስታወቱን የሚያንቀሳቅሰው ጥርስ ዘይት ደርቋል ማለት ነው። እሱ እንኳ በዘይት ይድናል። ሻጩ «ትንሽ ድምፅ አላት፣ ችግር የለውም» ቢላችሁ የሰርቪሱን ዋጋ ቀንሱበት።

ኬ1000 ግን ባትሪ የምትፈልገው ለብርሃን መለኪያው ብቻ ነው። አንዲት ኤልአር44፣ የሰዓትና የመጫወቻ ባትሪ። ባትሪው ቢሞትም ሻተሩ ከ1 ሰከንድ እስከ 1/1000 ድረስ ይሠራል። እስከ 1997 ድረስ ከ3 ሚሊዮን በላይ ስለተሠራች የሞተ ቀፎ በ30 ዶላር ይገኛል፤ ለጠጋኝ ይህ መጋዘን ነው። የእኔን በ135 ገዛኋት፣ ሰርቪስ 110፣ የብርሃን መከላከያ ስፖንጅ 14። ድምሩ 259 ዶላር። በስድስት ዓመት 80 ሮል ገደማ ስላነሳሁባት በሮል 3 ዶላር ከምናምን ነው። ከላይ ያለውን 57 አስታውሱ።

ኤፍኤም2 የበለጠ ካሜራ ነው፣ አልክድም። 1982 ላይ ሲወጣ በሜካኒካል ሻተር 1/4000 ሰከንድ አደረሰ፤ እስከ 2001 ድረስም ተሠርቷል። የብርሃን መለኪያው ቀይ ምልክት ስለሚያበራ ጨለማ ቤት ውስጥ ከኬ1000 የመለኪያ መርፌ ይሻላል። ግን ቀፎው ብቻ 250 እና 300 ዶላር ነው፣ ሌንስ ለብቻው። ብዙ ለሚያነሳ ያዋጣል። በወር አንድ ሮል ለሚያነሳ ሰው ልዩነቱን ፊልም ቢገዛበት እመርጣለሁ።

ስለ ሚኖልታ ኤክስ-700 ደጋግማችሁ ጠይቃችሁኛል። 1981 ላይ የወጣች፣ ስትያዝ ደስ የምትል ካሜራ ነች። የታወቀ ሕመሟ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ትንሽ ዕቃ) ነው፤ እሱ ሲሞት ውስጥ ያለው መብራት ይበራል፣ ሻተሩ ግን አይነሳም፣ የፊልም ማጠንጠኛውም ይቆለፋል። ዕቃው ራሱ የሳንቲም ነገር ነው። የኤሌክትሮኒክስ ብየዳ የሚችል ልጅ በቅርብ ካላችሁ ግዟት። ካልሆነ የእጅ ዋጋው የካሜራውን ያህል ይመጣል።

ከኤሌክትሮኒኮቹ ሙሉ በሙሉ የማልርቀው ከኒኮን ኤፍ3 እና ከኤፍኢ2 ነው። ኤፍ3 ከ1980 እስከ 2001 የተሠራ የጋዜጠኛ ካሜራ ነው። ባትሪው ቢያልቅ እንኳ ፊት ለፊት ያለች ትንሽ ማንሻ በ1/60 ታነሳላችኋለች። ኤፍኢ2 ደግሞ ባትሪ ሳይኖር በ1/250 ይሠራል። ቢያንስ መንገድ ላይ አይጥሏችሁም።

ለኤሌክትሮኒክ አንድ ነገር ልመስክርለት። ደህና ሲሆን ፍጥነቱ አይዛነፍም። ሜካኒካሉ ለዓመታት ሳጥን ውስጥ ከተቀመጠ ዘይቱ ይደርቅና ዝግተኛ ፍጥነቶቹ ይጎተታሉ፤ 1 ሰከንዱ ሁለት ሰከንድ ይሆናል። ስለዚህ ስትገዙ ከካሜራው ዋጋ ላይ ለሰርቪስ ከ100 እስከ 150 ዶላር ጨምራችሁ አስቡ። ይህን የማያስብ ሰው ነው «ሜካኒካልም ያው ነው» የሚለው።

በአካል የምትገዙ ከሆነ እንዲህ አድርጉ። የኋላ ክዳኑን ክፈቱ፣ ወደ መስኮት አዙሩትና 1/1000 ላይ አንሱ፤ በፊልሙ መስኮት ሙሉ አራት ማዕዘን ብርሃን ብልጭ ሲል ማየት አለባችሁ። 1 ሰከንዱን በስልክ ቀድታችሁ ለኩት። ጥቁሩን ስፖንጅ በጣታችሁ ጫፍ ንኩት፤ እንደ ሬንጅ ከተጣበቀ በስብሷል፣ ብርሃን ያስገባል። ከዚያ የባትሪውን ክዳን ፍቱ። ነጭና አረንጓዴ ዱቄት ካያችሁ ባትሪ ፈስሷል። ሜካኒካል ላይ በኮምጣጤ የተነከረ ጥጥ ብዙ ጊዜ ያጸዳዋል። ኤሌክትሮኒክ ላይ ግን ወደ ሽቦው ዘልቆ ሊሆን ስለሚችል ትታችሁ ሂዱ።

ባትሪ ካልኩ አይቀር፣ በ3 ዶላር አሥር የሚሸጠውን ፎርጅድ ኤልአር44 አታስገቡ። እኔ አንዱን ረስቼው በአራት ወሩ አፍስሶ አገኘሁት። በመጠን ያው የሆነው የብር ኦክሳይድ ባትሪ፣ ኦሪጂናል ኤስአር44፣ ትንሽ ይወደዳል፣ ቮልቴጁ ግን እስኪያልቅ አይወርድም። የካሜራም ፎርጅድ አለ፤ ካኖማቲክ፣ ኦሊምፒያ የሚባሉ፣ ስማቸው የታወቁትን የሚመስል፣ ከባድ እንዲመስሉ ብረት የተከተተባቸው ፕላስቲክ ናቸው። 10 ዶላርም አያወጡም። አዲስና ዋስትና ያለው ኤሌክትሮኒክ የግድ ካላችሁ 2024 ላይ በ500 ዶላር የወጣችው ፔንታክስ 17 አለች። የአንዱን ፎቶ ቦታ ለሁለት ስለምትከፍል በአንድ ባለ 36 ሮል 72 ፎቶ ታነሳለች። ከሞተች የምትጠይቁት ሰው ስላለ ከአሮጌዎቹ ውዶች እሷ ትሻለኛለች።

አገር ቤት ለሚልክ ሰው ደግሞ ነገሩ የበለጠ ግልጽ ነው። አጎቴ ሞስኮ ተምሮ ሲመለስ ያመጣት ዜኒት-ኢ ዛሬም ቤታቸው አለች። ያለ ባትሪ የሚሠራው የብርሃን መለኪያዋ ከሞተ ቆይቷል፣ ሻተሯ ግን ይሠራል። ለወንድሜ ልጅም አምና ሰው ሲሄድ አንድ ኬ1000 እና አምስት ሮል ላክሁለት። ከሁለት ወር በኋላ ደወለ።

«ጋሼ፣ መርፌዋ አትንቀሳቀስም፣ ተበላሸች መሰለኝ።»

«የሌንሱን ክዳን ትገጥማለህ?»

ዝም አለ። ኬ1000 ማጥፊያ የላትም፤ ሌንሱ ክፍት ከሆነ መለኪያው ባትሪውን ሲበላ ያድራል። ገና 20 ፎቶ ይቀረው ነበር። የፊልሙ የብርሃን ስሜት (አይኤስኦ) 200 ስለነበር ፀሐይ ላይ ፍጥነቱን 1/250፣ የሌንሱን ቀዳዳ 16 ላይ አድርገህ ጨርሰው አልኩት። ሮሉን እንጦጦ ላይ ጨረሰው። በማግስቱ ከአንድ የእጅ ሰዓት ጠጋኝ ባትሪ ገዝቶ ገጠመላት። ሲያሳጥበው ከ36ቱ 34ቱ ወጥተዋል።