ጨረቃን ላዳነችልን የሱሉልታ የእንስሳት ሐኪም

ሰላም ጎረቤቶች። ይህን ምስጋና ሳልጽፍ ብቀር ቅር ይለኛል።

ወደ አገራቸው የሚመለሱ ወዳጆቻችን ለልጄ ሁለት አይጦች ሰጧት። አዎ፣ አይጥ። እህትማማቾች ናቸው፣ ፀጉር የላቸውም፣ ቆዳቸው ሮዝና ሸብሸብ ያለ ነው፣ ሲነኩት እንደ ሕፃን ጆሮ ይለሰልሳል። ልጄ ጨረቃና ሎሚ ብላ ስም አወጣችላቸው። የኛን ሰፈር ብርድ ደግሞ ታውቁታላችሁ። "ለጥቅምት አንድ አጥንት" የተባለለት ውርጭ ሲገባ ጨረቃ ማስነጠስ ጀመረች።

አንድ ጠዋት ልጄ እያለቀሰች ቀሰቀሰችኝ። የጨረቃ አፍንጫና የዓይኗ ዙሪያ ቀልቷል፣ ደም መሰለን። ስትተነፍስ ሲር ሲር ይላል። መጀመሪያ የደወልኩለት ሰው "አይጥ ነው ያልሽኝ? መርዝ ግዢላት" ብሎ ስልኩን ዘጋብኝ። ልጄ አጠገቤ ቆማ ሰምታዋለች። እስካሁን ያንገበግበኛል።

የዶክተሯን ቁጥር የሰጠችኝ ወተት የምታመጣልን ሴትዮ ናት፤ ላሞቿን የምታክምላት ዶክተሯ ነች። ዶክተሯ ከሥራ ስትወጣ በእግሯ መጣች። ጭቃ የነካ ቦት ጫማዋን በር ላይ አወለቀች፣ እጇን ታጠበች፣ ጨረቃን በሁለት እጇ ይዛ ጎኗ ላይ ጆሮዋን ለጠፈች። ብዙ ደቂቃ ዝም ብላ አዳመጠች። ከዚያ ጥጥ በለብ ያለ ውሃ ነክራ ቀዩን ጠረገችና ለልጄ አሳየቻት። ደም አይደለም፣ ፖርፊሪን ይባላል፣ ከዓይን ጀርባ ካለ እጢ ይወጣል፣ አይጥ ሲታመም ወይም ሲጨነቅ ይበዛል አለቻት።

ቀጥላ "እትዬ፣ ቡና የምታፈሉት የት ነው?" ብላ ጠየቀችኝ። የሽቦ ቤታቸው ለካ ከረከቦቱ አጠገብ ነው! ከሰሉም ዕጣኑም እነሱ ላይ ነው የሚጨሰው፣ ከሥራቸው ያነጠፍኩት ደግሞ ከአናጢ ያመጣሁት የጥድ ሰጋቱራ ነው። ጭስ፣ የጥድ ሽታ፣ ቶሎ ያልተጸዳ ሽንት፣ ብርድ፣ ሁሉም የአይጥን ሳንባ ይጎዳል። ብዙ የቤት አይጦች ማይኮፕላዝማ የሚባል ተህዋሲ ይዘው እንደሚኖሩ ነገረችን፣ እንዲህ ያለ ነገር ሲደራረብባቸው ነው የሚነሳው፣ መድኃኒትም ያስታግሰዋል እንጂ ጨርሶ አይነቅለውም። በኩሽና ሚዛን መዘነቻት፣ 280 ግራም። በክብደቷ አስልታ አንቲባዮቲክ አዘዘችላት፣ መርፌ በሌለው ሲሪንጅ እንዴት እንደሚሰጥም ልጄን አለማመደቻት። የሰው መድኃኒት በግምት እንዳንሰጥ ደጋግማ አስጠነቀቀችን።

ፀጉር ስለሌላቸው ሙቀት ቶሎ ያልቅባቸዋል፣ ለዚህም ነው ከሌሎቹ አይጦች የበለጠ የሚበሉትና የሚጠጡት። አሁን ማታ ማታ ለብ ያለ ውሃ በሃይላንድ ሞልቼ በካልሲ ጠቅልዬ እሰጣቸዋለሁ፣ መብራት ቢጠፋም አልጨነቅም። ትኩስ ከሆነ ግን ቆዳቸውን ያቃጥላል። አሮጌ ጋቢ አንጥፌላቸው ነበር፣ ክሩ እግራቸው ላይ ተጠምጥሞ ደም ሊያቆም ይችላል ብላ አስነሳችኝና በብርድ ልብስ ቁራጭ ቀየርኩት። የሎሚንም ጥፍር ጫፍ ጫፉን ቆረጠችላት፣ የጨረቃን ጀርባ የምትቧጭረው እሷ ነበረች። ምግባቸው ጨው የሌለው ቅንጬ፣ ካሮት፣ ጎመን፣ አልፎ አልፎ የተቀቀለ እንቁላል ሆኗል። ጥሬ ባቄላ አይሆንም።

አንድ ነገር ልለምናችሁ፤ አጥር ለአጥር የምንገናኝ ሰዎች የአይጥ መርዝ ስታስቀምጡ እባካችሁ ንገሩን።

ጨረቃ አሁን ደህና ናት። ይህን ስጽፍ በልጄ እጅጌ ውስጥ ተኝታለች።

ዶክተሯ ስሟን እንዳልጽፍ ስለጠየቀችኝ ትቼዋለሁ። ውሻ፣ ድመት፣ በግ፣ ዶሮ፣ ሁሉንም ታያለች፣ ዋጋዋንም ከመምጣቷ በፊት ትነግራችኋለች። ቁጥሯን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ፈቃዷን ጠይቄያለሁ። ደውላችሁ ካላነሳች ላም እያዋለደች ይሆናል፣ እጇን ስትታጠብ መልሳ ትደውላለች።